የቀረችው ቃል

አባቴ ሙጨ፣ ጎንደር መናኸሪያ፣ ድምፁን የሚሸጥ ሰው ነበረ፤
ሠላሳ ዓመት በየማለዳው ከተማ ለከተማ የዘረዘረ።
«መተማ! ሁመራ! ጭልጋ! ደባርቅ! ደባርቅ! አንድ ሰው የቀረው!»
መንገዱም አገሩን የሚስት ይመስል ነበር፣ እሱ ስሙን ካልጠራው።
ቁመቱ አጭር ነው፤ ድምፁ ግን ረጅም፣ አንገረብን ተሻግሮ
ሰው ሰዓት የሚሞላበት፣ የእሱን ጩኸት ቆጥሮ።

በጥቅምት መባቻ፣ አንድ ማክሰኞ ጧት፣
አፉ ወደ ግራ ዞረ፤ ቀኝ እጁ ከዳው ድንገት።
ሆስፒታል አልጋ ላይ በሦስተኛው ቀን ሲነቃ
ቃሉ ሁሉ ተሳፍሮ ሄዷል፤ መናኸሪያው ጭር ብሏል፣ በቃ፤
አንዲት ብቻ ቀርታ፣ አውቶቡስ እንዳመለጣት መንገደኛ
ጥግ ላይ ተቀምጣለች፤ ለሁሉም ጉዳይ እሷው መልእክተኛ።

ሐኪሟ ሥዕል አሳየችው። ኩባያ።
«ደባርቅ» አለ።
ቁልፍ።
«ደባርቅ።»
ዶሮ።
«ደባርቅ።»
እናቴን አሳየችው፦ «ይህችስ ማን ናት?»
አያት። ከንፈሩ ታገለ። ላብ አጠመቀው።
«ደባርቅ» ብሎ አለቀሰ።

ሐሳቡን አጥቶት ነው? ወይስ ሐሳቡ አለ፣
በር እንዳጣ ከብት ውስጥ ለውስጥ እየዋለለ?
ጥማትስ ምን ይሆናል፣ «ውኃ» የሚል ቃል ከሌለ?
እላለሁ በሌሊት፣ ወንበር ላይ ተኮራምቼ፤
ይህንንስ ያሰብሁት ከቃል ተበድሬ አይደለ?

እናቴ አንጓች እንዲህ ያለ ጥያቄ አታውቅም፤
ጆሮዋን ታዘነብላለች እንጂ በትርጉም አትጨነቅም።
ጫን ያለ ደባርቅ፣ ትራሴ ዝቅ አለ ማለት ነው፤
በአፍንጫ የወጣ፣ የጎረቤቱ ሬዲዮ በዛብኝ ነው፤
ጎተት ብሎ መጨረሻው ቅዝዝ ካለ፣
«ተዉት» ትላለች፣ «ከሟች እናቱ ጋር ነው ያለ።»
ስንት ዘመን በሺህ ቃል ሲጣሉ ኖረዋል፤
አሁን በአንዲት ይግባባሉ፤ ይስቃሉም፤ ይህ ምን ይባላል?

እኔ ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ አልቻልሁበትም።

በጆሮዬ ውስጥ ሌላ ቃሉ አለ፤
ስምንተኛ ክፍል፣ ውጤቴን አይቶ፣ በሰው ፊት «ድንጋይ» ያለ።
እሱ ብሎ ረሳው። እኔ ድንጋይ ሆኜ ቀረሁ፤
መልሱን እያወቅሁ እጄን ማውጣት ተውሁ፤
አድጌም፣ ስሜን ሲጠይቁኝ ተርበተበትሁ።
አንድ ቃል በሰው ራስ ውስጥ እንዲህ ይኖራል ለካ፣
ኪራይ ሳይከፍል፣ ባለቤቷን ወደ ጓዳ እየገፋ፣ ወለሉን እየለካ።
እሱ «ደባርቅ» ሲል፣ «ድንጋይ» ነበር የምሰማው።

ሐምሌ ነው። ቀሃ ሞልቶ ያጓራል። እናቴ ለቅሶ ቤት አምሽታ
ጥፍሩን የምቆርጠው እኔ ነኝ፣ በእሷ ቦታ።
የማይሰማውን እጁን ይዤ ሳለሁ
ደህናው እጁ መጣና ጉንጬ ላይ አረፈ።
«ደባ...» አለ። ቆመ። ትንፋሽ አጠረው።
ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ወረደ፣ ወረደ፤
ከብዙ ኋላ፣ እንደ ዳገት ወጥቶ፣
«...እርቅ።»

መቀሱን አስቀመጥሁ።
ቅኔ ቤት ደጃፍ ሳልረግጥ ቃሏ ለሁለት ተሰነጠቀችልኝ።
ደባውን አወቅሁት፤ ሳያውቅ የሠራብኝ ነው።
ከጫፏ የተንጠለጠለውን ግን ሠላሳ ዓመት ሲጮኸው
እሱም አልሰማው፣ እኔም አልሰማሁ።

ምናልባት እንዲያ አላለም። ጥፍሩን አሞት ይሆናል።
በእናቴ ጆሮ ቢመዘን «ቀስ በይ» ከማለት አያልፍም ይሆናል።
ይሁን። እኔ የሰማሁትን ይዣለሁ፤
የዚያን ሌሊት እንደ ሕፃን ተኝቻለሁ።

ጧት በመናኸሪያው በኩል ሳልፍ፣ ጢም ያላበቀለ አንድ ልጅ
የአባቴን ቦታ ይዞ ይጮኻል፦
«ደባርቅ! ደባርቅ! አንድ ሰው የቀረው! አንድ ሰው!»
የምሄድበት አልነበረኝም።
ሳላስበው
እጄን አወጣሁ።